ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ በጨዋነት ሚዛን፦ የአዲስ አበባ ታክሲ ግምገማ

ስለ አዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ የሚሰጥ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ከወንበሩ ጥበት፣ ከሰልፉ ርዝመትና ከረዳቱ አንደበት ይጀምራል። ቅሬታዎቹ እውነት ስለሆኑ አልከራከራቸውም። በዚህ ግምገማ ግን አገልግሎቱን መመዘን የምፈልገው እምብዛም በማይነሣ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከማያውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ የሚጓዝ የከተማ ሰው በዚያች አጭር መንገድ ውስጥ ለጎረቤቱ ትንሽ መልካም ነገር የሚያደርግበት አጋጣሚ ያገኛል ወይ፣ መልካም የተደረገለትስ ምስጋናውን የሚገልጽበት መንገድ አለው ወይ የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ሚኒባሱ በከተማዋ ካሉት መጓጓዣዎች ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የሚበልጠውም ተሳፋሪዎቹ ከሌላው ሰው የተለየ ቅንነት ስላላቸው ሳይሆን ታክሲው ያለ እነርሱ ትብብር ሊሠራ ስለማይችል ነው።

ይህን ለመረዳት መኪናውን ራሱን ማየት ይበቃል። በአብዛኛው ቶዮታ ሃይስ የሆነው ሚኒባስ በተፈቀደለት ልክ ሲጭን 12 ሰው ይይዛል፤ ሁለቱ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን፣ ሦስት ሦስቱ በመካከለኞቹ ሁለት ረድፎች፣ አራቱ ደግሞ ከኋላ ይቀመጣሉ። በበሩ በኩል ያሉት ወንበሮች ታጣፊ ናቸው። ስለዚህ ከኋላ ጥግ የተቀመጠ ሰው «ወራጅ አለ!» ባለ ቁጥር አጠገቡ ያሉት ይነሣሉ፣ ከፊት ያለው ወንበሩን ያጥፋል፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ሰው ከመኪናው ጭራሽ ወርዶ ወራጁን ካሳለፈ በኋላ ተመልሶ ይገባል። ጃፓን ውስጥ መኪናውን የነደፉት ሰዎች ይህን አስበው እንዳላደረጉት ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ከአራት ኪሎ መገናኛ እስኪደረስ ድረስ አንድ ተሳፋሪ ለሌሎች ስንት ጊዜ እንደተነሣና ስንት ጊዜ «ይቅርታ» እንደተባለ ቢቆጠር፣ ብዙ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከሚያገኘው ትሕትና ይበልጥ ይሆናል። በአሮጌው ዘመን «ውይይት» ይባሉ የነበሩት ታክሲዎች ተሳፋሪውን በሁለት አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጠው ይጓዙ ስለነበር ጨዋታ ለመጀመር ይመቹ ነበር። ሚኒባሱ ሁሉንም ወደ ፊት አዙሮ በማስቀመጡ ጨዋታውን ቀንሶታል፤ የእጅ ቅብብሎሹን ግን አልቀነሰውም።

የእጅ ቅብብሎሽ ስል የክፍያውን ሥርዓት ማለቴ ነው። ረዳቱ ከበሩ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ቆሞ «ሒሳብ!» ሲል ከኋላ ወንበር የተነሣው ብር በሦስትና በአራት ሰው እጅ አልፎ ይደርሰዋል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ደረሰኝ የለም፣ ፊርማ የለም፣ የሚቆጣጠርም የለም። ከመካከል ያለችው ሴት በጀርባዋ የደረሳትን ብር ማን እንደላከው ሳታይ «ከኋላ ነው፣ ሁለት ሰው» ብላ ታቀብላለች፤ መልሱ ሲመጣ ደግሞ ሳንቲሙ እንዳይበተን መዳፏን አጥፋ ታሳልፋለች። ባንክ ቤት ውስጥ አምስት ብር ቢጎድል ስንት ወረቀት እንደሚሞላ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲመለከት ሊገረም ይገባዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሰው ይህን ሲያደርግ ለሌላ ሰው መልካም ነገር እያደረገ መሆኑን አለማሰቡ ነው። ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል ለዚህ ሥራ «አመሰግናለሁ» የሚል ሰው የማይሰማው፤ ከኋላ ሆነው መልስ የሚቀበሉ ሰዎች ቢያንስ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቢቀበሉ ግን ምንም አይከብዳቸውም ነበር።

አገልግሎቱ በጨዋነት ረገድ የሚፈተነው ዝርዝር ሲጠፋ ነው። ታሪፉ የሚወጣው በርቀት ተከፋፍሎ ሲሆን ሒሳቡ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ስለማይሆን ረዳት ያለ ዝርዝር መሥራት አይችልም። በመስከረም 2013 የብር ኖቶቹ ተቀይረው ባለ 200 ብር ኖት መጠቀም ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ገና ማለዳ ላይ ያንን ኖት ለረዳት የሚዘረጋ ሰው አለ። በእኔ እምነት ይህ ከስድብ የማይተናነስ ድርጊት ነው። በተቃራኒው ከቤት ሲወጡ የአንድና የአምስት ብር ዝርዝር በኪስ መያዝ፣ ለጎረቤትም «እኔ ጋ ዝርዝር አለ፣ ልመንዝርልህ» ማለት በከተማዋ ውስጥ በጣም ርካሹና በጣም ጠቃሚው ደግነት ይመስለኛል።

ዝርዝሩ ጨርሶ ሲጠፋ ረዳቱ የራሱ መፍትሔ አለው። ሁለት ለማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ኖት ይሰጥና «ለሁለታችሁ ነው፣ ተካፈሉ» ይላቸዋል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ማየት ለሚወድ ሰው ይህ የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው። ሁለቱ ሰዎች እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንዳቸው ሌላውን አላዩም፤ አሁን ግን የጋራ ገንዘብ አላቸው። አንዳንዶቹ አብረው ወርደው ከሱቅ ወይም ሶፍትና ማስቲካ ከሚሸጥ ልጅ ዘንድ ያስመነዝራሉ፤ ልጁም በዚያው አንድ ሶፍት ይሸጣል። ሌሎቹ ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ግን የሚጠበቀው ዓይነት አይደለም፤ «አንቺ ያዢው»፣ «ኧረ በፍጹም፣ አንተ ያዘው» የሚል ነው። በመጨረሻ አንደኛው «ያዢው፣ ሌላ ቀን አንቺ ትከፍይልኛለሽ» ብሎ ይሄዳል፤ ሌላ ቀን እንደማይገናኙ ሁለቱም ያውቃሉ። እርግጥ ነው፣ ኖቱን በእጁ ያስገባው ሰው ዝም ብሎ የሚሰወርበትም ጊዜ አለ። ይህን አይቶ ሰውን ሁሉ ሌባ የሚል ተሳፋሪ አጋጥሞኛል፤ ገንዘቡ የአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ እንኳ አለመሆኑን ግን የነገረው አልነበረም።

ስለ አገልግሎቱ ደግነት ሲወራ በቅድሚያ መነሣት ያለበት ግን «ተከፍሏል» የምትለው የረዳቱ ቃል ናት። ተሳፋሪው ብሩን ሲዘረጋ ረዳቱ እጁን ሳይዘረጋ «ተከፍሏል» ይለዋል። ማን እንደከፈለ ለማወቅ አንገት ይዞራል፤ ከጋቢና የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ ወይም የሰፈር ሰው፣ ወይም በመልክ ብቻ የሚታወቅ የልጅ አስተማሪ እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። በተዋወቁ ሰዎች መካከል ይህ እንደ ግዴታ የሚቆጠር በመሆኑ ብዙ ጊዜ ፉክክር ይሆናል፤ «በሞቴ»፣ «እኔን አፈር ስሆን» እየተባባሉ ሁለቱም ብራቸውን ወደ ረዳቱ ሲዘረጉ ረዳቱ ቀድሞ የደረሰውን ተቀብሎ ክርክሩን ይዘጋል። በዚህ ጉዳይ የረዳቶቹ ዳኝነት ፈጣንና ፍትሐዊ ነው፤ ከሁለቱ በዕድሜ የሚበልጠውን ወይም ቀድሞ የተሳፈረውን የሚያስከፍል ብልህ ረዳትም አለ።

ከዚህ የሚልቀው ለማያውቁት ሰው መክፈል ነው። ቦርሳዋን ቤት የረሳች ተማሪ ኪሶቿን አንድ በአንድ ስትፈትሽ፣ ከገጠር የመጣ አባት ታሪፉ ጨምሮ የያዘው ገንዘብ ሲያንሰው፣ ከጎን ያለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእሷንም ከዚህ ውሰድ» ይላል። ይህን በሚገባ የሚያደርግ ሰው ከአደራረጉ ይታወቃል። ቀደም ብሎ ይከፍላል እንጂ ሰውየው ተሸማቆ ሁሉም ዞሮ እስኪያየው አይጠብቅም፤ ከከፈለም በኋላ ወደ መስኮቱ ዞሮ መንገዱን ያያል። ተቀባዩም በበኩሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይተዋል፤ ስልክ ቁጥር ጠይቆ «እመልሳለሁ» ማለት ነገሩን ብድር ስለሚያደርገው አይመከርም። ብዙ ጊዜ ከፋዩ ረዳቱ ራሱ የሚሆንበት አጋጣሚም አለ፤ አንዲት አሮጊት ኩታቸውን ፈትተው ሳንቲም ሲቆጥሩ «ተዪው ማዘር» ብሎ ወደ ቀጣዩ ሰው ያልፋል። ያ ገንዘብ ከየትም የሚተካለት አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ምስጋናን በተመለከተ አገልግሎቱ የራሱ የሆነ ሀብት አለው፤ እርሱም ምርቃት ነው። በማለዳ ሰልፍ ላይ፣ ለምሳሌ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ፣ ልጅ ያዘለች እናት ወይም በከዘራ የሚሄድ ሽማግሌ ሲመጣ ሰልፈኛው «ይግቡ አባባ፣ ይቅደሙ» ይላል። ለሥራ የረፈደበት ሰው ይህን ሲያደርግ ተራውን ብቻ ሳይሆን ምናልባት ግማሽ ሰዓቱን ነው የሚሰጠው፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት የሚቀጥለው ታክሲ መቼ እንደሚመጣ ተራ አስከባሪውም አያውቅም። ወጣቱ ከጋቢና ወደ ኋላ ተዛውሮ ለአንዲት እናት ቦታ ሲለቅ የሚከፈለው «እደግ፣ ተመንደግ» የሚል ምርቃት ነው፤ ከዚያም በላይ ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «አሜን» ሊል ይችላል። አንድ ሰው ሲያነጥስ ከየወንበሩ «ይማርህ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ «ያኑራችሁ» ብሎ ይመልሳል። አሁን አሁን የጆሮ ማዳመጫ የሚያደርግ ተሳፋሪ ስለበዛ ይህ እየቀነሰ ነው። በዚህ ዙሪያ የሚነሣውን ወቀሳ ሁሉ እኔ አልጋራም፤ አሥር ሰዓት ሙሉ ሠርቶ ጆሮውን የሚዘጋ ሰው መብቱ ነው፤ ብቻ ሒሳብ ሲመጣና ወራጅ ሲኖር አንዱን ጆሮ ቢከፍት ይመረጣል።

ከሌሎቹ መጓጓዣዎች ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ትኬቱን ከጣቢያው ስለሚሸጥ፣ የከተማ አውቶቡሱም የራሱ ትኬት ቆራጭ ስላለው ተሳፋሪ ለተሳፋሪ የሚያቀብለው ነገር የለም። ቦታ መልቀቅ በሁለቱም አለ፤ መገፋፋቱም እንዲሁ። በስልክ የሚጠሩት እንደ ራይድና ፈረስ ያሉ አገልግሎቶች ደግሞ ንጹሕ ወንበርና ቀድሞ የተገመተ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ለማታ ጉዞና ለታመመ ሰው እኔም የምመርጣቸው እነርሱን ነው። ምስጋናም በስልኩ ላይ ኮከብ በመስጠት ይገለጻል። ነገር ግን በዚያ መኪና ውስጥ ሦስተኛ ሰው የለም፤ ሰውን ለማሳለፍ የሚነሣ፣ ዝርዝር የሚያበድር፣ «ቦርሳሽን ወደ ፊት አድርጊው እህቴ» ብሎ የሚያስጠነቅቅ የለም።

ይህን ክርክር የሚያጠናክር ጊዜም አልፎብናል። በመጋቢት 2012 መጨረሻ በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ፣ ታሪፉም በእጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በምቾት ብቻ ከተለካ ሚኒባሱ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ተመችቶ አያውቅም፤ እግር የሚዘረጋበት ቦታ ነበር፣ ትርፍ የሚጫን ሰው አልነበረም። ይሁንና ብር ለማቀበል እጁን የሚዘረጋ ሰው ጠፋ፤ የሚያነጥስ ሰው ምርቃት ሳይሆን የመስኮት መክፈት ገጠመው። ገደቡ ተነሥቶ ወንበሮቹ እንደገና ሲሞሉ ሁሉም ስለ ጥበቱ አማረረ፤ በማግስቱ ግን «ተጠጉልኝ» እና «ምንም አይደል» የሚሉት ቃላት ተመልሰው ነበር።

አሁን ወደ ድክመቱ ልግባ። ትልቁ ድክመት ደግነቱ ሁሉ በተሳፋሪዎች መካከል የሚዘዋወር ሆኖ ለረዳቱ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። የአሠራሩን ውስጥ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። አብዛኛው ሹፌር መኪናው የራሱ አይደለም፤ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ ነዳጁንና የተራ አስከባሪውን ከፍሎ የተረፈውን ከረዳቱ ጋር ይካፈላል። ቀኑ መጥፎ ከሆነ ገቢው አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የሁለቱ ድርሻ ነው። አንዲት አሮጊትን በነጻ ያሳለፈ ረዳት የሰጠው ከኪሱ ነው ማለት ነው። መንገድ ቆራርጦ መጫኑ፣ በጀርባ ከተፈቀደው በላይ አንድ ሰው ማጨቁ፣ በአቋራጭ መክነፉ ሁሉ ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ይህን ማወቅ ጥፋቱን አያጸዳውም። ከጦር ኃይሎች አየር ጤና የሚሄደውን ሰው በግማሽ መንገድ «እዚህ ይብቃችሁ» ብሎ ማውረድ፣ ሁለት ጊዜ ማስከፈልም፣ ምንም ዓይነት ምክንያት ቢሰጠው በደል ነው። ነገር ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽት ድረስ ወገቡን አጥፎ ቆሞ፣ የሰፈር ስም ሲጠራ ድምፁ ለሚዘጋ ወጣት፣ ሲወርዱ «በርታ» ማለት የሚያስወጣው ነገር የለም። ይህን የሚሉ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ሲባል የሰማ ረዳት ደግሞ የሚያሳየው ፊት በመገረም የተሞላ ነው፤ አንዳንዴም ስድብ የተባለ መስሎት «ምን አልክ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሹፌሩን ለማመስገን ደግሞ ከቃል የሚሻል መንገድ አለ፤ በሩን ቀስ ብሎ መዝጋት። ይህን የሚያሳስብ ጽሑፍ በበሩ ላይ ያልለጠፈ ታክሲ ማግኘት ያስቸግራል፤ አንዳንዱ ማሳሰቢያ በቀልድ፣ አንዳንዱም በምሬት የተጻፈ ነው። የተንሸራታቹ በር ጥገና ከማን ኪስ እንደሚወጣ አስቀድሜ ከገለጽኩት መገመት አያዳግትም። የሙዚቃውን ጩኸት በተመለከተ ምንም የምለው በጎ ነገር የለኝም። «ሹፌር፣ እባክህ ትንሽ ቀንስልን» ሲባል አብዛኛው ይቀንሳል፤ በሁለተኛው ፌርማታ ላይ መልሶ ይጨምራል።

የመጨረሻ ነጥቤ የጊዜ ምርጫን ይመለከታል። ከላይ የዘረዘርኩት ጨዋነት በሁሉም ሰዓት እኩል አይገኝም። ማለዳ ላይ ሰው ቸኩሎ፣ ምሽት ላይ ደክሞ ስለሚሳፈር በሩ ላይ ክርን ይቀድማል፤ ሰልፍ በሌለበት ፌርማታ ደግሞ ጉልበት የሌለው ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። ሰልፍ የሚያስይዝ ተራ አስከባሪ ባለበት ቦታ ሁኔታው በግልጽ ይሻላል፤ ስለዚህ አቅመ ደካማ ሰው ይዞ የሚጓዝ ከመንገድ መካከል ከመጠበቅ ወደ መነሻው ሄዶ ቢሳፈር ይጠቀማል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ለሁሉም ይመቻል፤ ረዳቱም ጨዋታ የሚጀምረው፣ አባቶችም የሚመርቁት ያን ጊዜ ነው።

ለትሕትና ከአምስት አራት፣ ለምቾት አንድ ተኩል፣ ለሰዓት አክባሪነት ደግሞ አንድ እሰጠዋለሁ። ቀጠሮ ላለበት፣ ሻንጣ ለያዘ፣ ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አልመክረውም። ለሌላው ሁሉ፣ በተለይም ከውጭ አገር ለዕረፍት መጥቶ ከተማዋን በቤተሰብ መኪና መስኮት ብቻ እያየ ለሚመለስ ሰው፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከፒያሳ መገናኛ በሚኒባስ እንዲሄድ እመክራለሁ፤ ጋቢናን ትቶ መካከለኛው ረድፍ ላይ ቢቀመጥ የሚያልፈው ሒሳብ ሁሉ በእጁ ያልፋል። የሜክሲኮ ጀሞን መስመር መሞከር የሚፈልግ ከሆነ ግን ሰልፉ ከ11 ሰዓት በኋላ በጣም ስለሚረዝም ቀደም ብሎ መሰለፍ አለበት፤ ባለ 200 ብሩንም አስቀድሞ ይመንዝር።